አሥራ ሁለት ሰከንድ

መጋቢት 3። የድሮው ሬዲዮ ጣቢያህ ድራማህን ፈልጎታል።

ሄንድሪኬ፣

በሞት ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። አማርኛን ከእኔ ጋር ለመጨቃጨቅ የሚበቃህን ያህል ተምረህ ነበርና በአማርኛ እጽፍልሃለሁ።

ልጃችን ሊያ ወደ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ተዛወረች፤ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ክፍሏን የቴፖችህ ካርቶኖች ይዘውታል። ጠጠር የሞላውን ትሪ ግን ጣልኩት። ለእግር ኮቴ ድምፅ ያስፈልገኛል እያልክ አልጋ ሥር አስቀምጠኸው ስንት ዓመት ጣቴን ሲመታኝ ኖረ። እዚህ ቤት በምትቀዳው፣ ማንም በማያስተላልፈው ድራማህ ሊያ በር ትዘጋለች፣ አንተ ጠጠሩ ላይ ትራመዳለህ፣ እኔ እናት እሆናለሁ። ትርጉሙን ሳላውቅ በአገርህ ቋንቋ በአፍሪካንስ ስንቱን ልጅ ወቀስኩልህ።

ጣቢያው የፈለገው ግን ሳንተዋወቅ በፊት እዚያው የቀዳኸውን፣ እናት ከጦር ግንባር የተመለሰ ልጇን ማንን እንደገደለ የምትጠይቅበትን ነው። ልጁ አይመልስም። አሥራ ሁለት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ እናቱ ሳህኖቹን ታነሣለች፤ አለቀ። ልጁን ሆነህ የተጫወትከው አንተ ነህ።

ያኔ በአገርህ ሬዲዮ ጠዋት የከብት ዋጋና የአየር ሁኔታ ታነብ ነበር፤ ማታ ድራማ ትጽፋለህ። አለቃህ አድማጭ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል ብሎ ዝምታው ላይ ሙዚቃ እንድትለቅ በጽሑፍ አዘዘህ። አልለቀቅክም። በነጋታው ከማይክራፎኑ አነሱህ። አገር ያወቀውን ድምፅ እኔ ያገኘሁት እዚህ ቬጋስ፣ ቢንጎ የሚሉት የቁጥር ቁማር አዳራሽ ውስጥ ቁጥር ሲጠራ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት ቆም ትላለህ። አሮጊቶቹ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? እስክንሞት ነው እንዴ የሚጠብቀው?" እያሉ ያጉረመርማሉ። አስተናጋጇ እኔ የብርጭቆ ትሪዬን ይዤ ቆሜ እሰማሃለሁ።

ዛሬም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ዝምታው ሦስት ሰከንድ ይሁን፣ እሱም ላይ ለስለስ ያለ ፒያኖ ይግባ ይላሉ። የላኩትን የፈቃድ ወረቀት ካልፈረምኩ አይተላለፍም። ለድራማህ ሌላ ጠያቂ እንደሌለ አውቃለሁ።

ሊያ በስልክ "እማ፣ ሳይን አድርጊው በቃ። ሰው ዳዲን ይስማው" አለችኝ። እሺ አልኳት። የአባቷ ድምፅ ቢናፍቃት አልፈርድባትም።

ጠዋት ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር፣ ፊርማ የሚያረጋግጠው የአገሬ ልጅ ሱቅ ሄድኩ። መታወቂያዬን ተቀብሎ መዝገቡ ላይ መገልበጥ ጀመረ። እሱ እስኪጨርስ ሊያ ስልኬ ላይ የጫነችልኝን የድራማውን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። መጨረሻውን ብቻ።

ባዶ አይደለም፣ ሄንድሪኬ። ትተነፍሳለህ። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። በአምስተኛው ልትናገር አፍህን ትከፍታለህ፤ ከንፈርህ ሲላቀቅ ይሰማል። ከዚያ ትተወዋለህ። በእነሱ ሦስት ሰከንድ አንድ ትንፋሽ ይተርፍሃል፤ እሱንም ፒያኖው ይበላዋል።

አሳጥረው ከሚያሰሙት ድምፅህ ሳይሰማ ይቅር። እሑድ ሊያ ስትመጣ ወጥ ቤት አስቀምጬ ሙሉውን አሰማታለሁ። ትቆጣኛለች፤ ትቆጣ። እኔ ከሞትኩ በኋላ ደግሞ እምቢ የምትለው እሷ እንድትሆን አስለምዳታለሁ።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አለኝ ልጁ። ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ በእጁ ይዞታል።

ወረቀቱን ከክንዱ ሥር ሳብኩት።

"እትዬ! ኧረ መታወቂያዎ!" እያለ ሲጣራ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።