በሕይወት ሳሉ ከመራጮች መዝገብ ስለተሰረዙት ስለ እማማ አልታየች

ለተከበሩ የቀበሌያችን የመራጮች መዝገብ ያዥ፣ ለጓድ ደሞዜ
መርሳ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያ ስም ሰራዥ እስክሪብቶዎ ደኅና ናቸው ወይ? መላው የመርሳ ሕዝብ ቆሞ እንዲሰማው የምሻው ከባድ ዜና አለኝ፤ ጎረቤታችን እማማ አልታየች ከትናንት በስቲያ ከደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ በሕይወት ተገኝተዋል።

አንደኛ፣ ከሰኔው ምርጫ ወዲህ መዝገቡ እንዳይሻግት ቤት ለቤት እየዞሩ ማጥራትዎን ሳላመሰግን አላልፍም። ከወልድያ በመጡ በሳምንትዎ ያልረገጡት ደጅ የለም። የቤት ቁጥር 47 ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ስለነበር፣ አጥር ላይ የተቀመጥኩትን እኔን የዚህ ቤት ሴትዮ ማን ናት ቢሉኝ፣ አልታየች አልኩዎ። ስም ነው ያልኩት። እርስዎ ግን «አልታየችም» ብለው ጻፉ። «ም»ን መመረቅዎ ነው፤ የቀበሌው ሱቅ እንኳ ስኳር እንዲህ መርቆልን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ እማማ ለእሑዱ የቀበሌ ምርጫ ስማቸውን ሊያረጋግጡ ቢመጡ፣ መዝገቡ አልታየችም ይላል ብለው መለሷቸው። ኧረ ልጄ፣ አልታየች እኮ እኔ ነኝ ቢሉዎ፣ እርስዎ ራስዎ ካመኑ ምን ያከራክረናል አሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ፍርድ ሰሎሞንም አልሞከረውም።

ሦስተኛው ላይ ብዕሬ ይጎተታል። እማማ የሚለውን ሆን ብዬ ነው የዋጥኩት። ሲጽፉም በትከሻዎ ላይ አጮልቄ አይቻለሁ። ኧረ ጓድ፣ ስማቸው ነው ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር፤ እኔ ግን ሳቄን አፍኜ ኳስ ሜዳ ሮጥኩ፣ ለጓደኞቼም አወራሁት። ትናንት እማማ ወረቀት ይዘው የመጡት ወደ እኔው ነው፤ ፊደል የቆጠርክ አንተ ነህና ማመልከቻ ጻፍልኝ ብለው። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ አለች የሚለኝ ያ መዝገብ ብቻ ነበር አሉኝ። ከዚያም እጅህ ይባረክ ብለው እጄን ሳሙት። ይህን እጅ ወዴት ልደብቀው?

ስለዚህ ከእሑድ በፊት ስማቸውን ይመልሱላቸው። የጥፋተኛ መዝገብ ካለዎም የእኔን ስም ሳይሳሳቱ ይጻፉት። ይህን ሁሉ መጮኼን አይዩ፤ ነገሩ ሲጠቃለል ትንሽ ነው፣ አንዲት ፊደል መፋቅ ብቻ።

ከአጥር ማዶ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣ ስድስተኛ ክፍልን ከመውደዱ የተነሳ ሁለቴ የተማረ፣
ገሪማ አፅብሃ

ማሳሰቢያ፦ ካረፉ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሼህ አብዱልሐሊም በመዝገቡ ላይ አሁንም አሉ፤ በሰኔውም መርጠዋል ተብሎ ምልክት ተደርጎላቸዋል። እሑድም የሚመጡ ከሆነ እባክዎ አስቀድመው ይንገሩን፤ ባለቤታቸው እትዬ ረሂማ የሚጠይቋቸው ብዙ ነገር አላቸው።