በበረራ የተከሰሰው የወንዝ ካሜራ

ለተከበሩ የወረዳችን የፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወንበርዎም እንደ ልብ የምትመች ሆና እንድትቆይልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምረው ደቅሲሳ ኢቲቻ ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ከበርዎ ሰባት ጊዜ ተመልሼ ነው። የመጣሁትም ባለፈው ኅዳር ከተማሪዎቼ እጅ አደገኛ መሣሪያ ወስደው ሕዝቡን ስላዳኑልን ላመሰግንዎ ነው።

1. በቅድሚያ ስለ መሣሪያው። ኡርጂ የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ከጓደኞቿ ጋር ሠርታ የሰጠችን፣ መብራትና ካሜራ ያለው፣ በረጅም ገመድ ታስሮ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ድሮን ነው። ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች የገዛ ወንዛቸውን ወለል እንዲያዩ ብላ ነው። ጥቅምት ላይ ሎጊ ወንዝ ውስጥ ስናወርደው ቢልጫ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ሲዞር፣ አምባዛው ድንጋይ ሥር ተጋድሞ ጢሙን ሲያወዛውዝ፣ ሸርጣኑ ወደ ጎን ሲሮጥ በስክሪኑ አየን። አርባ ዓመት በመንጠቆ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ጋሼ ጅራታ ተንበርክከው ተመለከቱና «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ስጎትታችሁ ኖሬ ቤታችሁን ዛሬ አየሁት» አሉ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

2. ኅዳር ላይ፣ ወንዙ ዳር ያለው የቡና ማጠቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከማጠቢያው በታች አወረድነው። ስክሪኑ ቡናማ ሆነ። ወለሉ አጠገብ ሲደርስ መብራቱ የቡና ልጣጭ ዝቃጭ ላይ በጎናቸው የተኙ ዓሦችን አሳየን፤ እስከ ስልሳ ሁለት ቆጥረን ተውነው። የአሥረኛ ክፍሏ ሳሊሐ፣ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ከማጠቢያው በታች ወንዙ ዳር የሚኖሩት ልጅ፣ ወደ እኔ ዞራ «መምህር፣ እናቴ ነገ ከየት ትቅዳ?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ያፈርኩበት ግን የመጀመሪያዬ ነው። «ለመንግሥት ጻፊ፤ ቢሮ የተከፈተው ለዚህ ነው» አልኳት። አመነችኝ። በሁለት ቋንቋ አሳምራ ጻፈች፣ ፊልሙንም አያይዛ በእጇ አስገባች።

3. መልስዎ ስለፈጠነ የማመስገኛ ቃል አጣሁ። በሦስተኛው ቀን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጣ፤ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ እኛ ቤተ ሙከራ። «ድሮን ያለ በረራ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው» ተባልን። ይህ የሚሰምጥ እንጂ የሚበር አይደለም ብዬ ባስረዳ ሰብሳቢው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ካልበረረ ለምን ድሮን ተባለ?» አሉኝ፤ ጥያቄው ጥልቅ ስለነበር የፈቃድ ቅጹን ተቀበልኩ። በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «ከፍተኛ የበረራ ከፍታ» በሚለው ቦታ ከውሃው ገጽ በታች ስድስት ሜትር ብዬ ብሞላ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ከፍታ ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ። ለአየር ክልላችን ያላችሁን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ማጠቢያውን ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጎበኘውም።

4. ሳሊሐ ለብቻዋ ተጠርታ «ማን አስጻፈሽ?» ተብላ ተጠየቀች። ማንም፣ አለች፤ እኔን ለማዳን ዋሸች። አባቷ ዳግመኛ ልጃቸው ወንዝ ዳር እንዳትታይ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ከሳይንስ ክበቡ ወጥታለች። ከእናቷ ጋር ከኮረብታው ማዶ ካለ ምንጭ ውሃ ስለምትቀዳ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ነው። ክፍል ውስጥ ስጠይቅ እጇን አታወጣም። ይህንን በእርስዎ ላይ ብቻ አላሳብብም፤ ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ።

5. መሣሪያውን ባለፈው ሳምንት ስለመለሱልን እናመሰግናለን። ፊልሙ የተቀመጠበት ካርድ ለጥንቃቄ ተብሎ ባዶ መደረጉንም ተረድተናል። የማጠቢያው ወቅት አልፎ ውሃው ጠርቶ ስለነበር በዚያው ቀን እንደገና አወረድነው። ድንጋዩ ይታያል፣ አሸዋው ይታያል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም። ጋሼ ጅራታ ስክሪኑን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ እንደገና አዩ፣ ከዚያም «ልጄ፣ ቢሮ ሲቀመጥ ተበላሽቶ ይሆን?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ሳይበላሽ አልቀረም፣ አልኳቸው። ለሽማግሌ መዋሸትን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቡናው ዳግመኛ ሳይደርስ አንድ ሰው፣ ያለ ኮሚቴም ቢሆን፣ እስከ ማጠቢያው ድረስ በእግሩ ይሂድ።

በደጅዎ ቆሜ ያሳለፍኳቸውን ቀናት ሁሉ እንደ ተጨማሪ ሥልጠና የምቆጥር፣ በቅጽ አሞላሉ ደካማ፣ በአክብሮቱ ግን የማይታማ ባለጉዳይዎ፣
ደቅሲሳ ኢቲቻ
መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለጽሕፈት ቤትዎ ሻይ የሚሆነው ውሃ በአህያ ጋሪ የሚመጣው ከማጠቢያው በታች ካለው መቅጃ መሆኑን ከባለ ጋሪው ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ኅዳርም ታኅሣሥም ከዚያው ነበር። ይህንን የምነግርዎ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው። ማፍላት አያጠራውም።