ከመራራው በኋላ ጣፋጭ፦ የወይዘሮ ጋም ዩትመይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጋም ዩትመይ ከአባታቸው ከአቶ ጋም ፉክሺንግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሆ ላይፎንግ በ1952 እ.ኤ.አ. በደቡብ ቻይና፣ በሹንደ፣ የሐር ትል በሚረባበት መንደር ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ጓንግዡ ከተማ ገብተው በሐር ፋብሪካ ተቀጠሩ። እዚያው የተዋወቋቸውን አቶ አው ዪንቺዩን በ1977 አግብተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ሆይቶንግን ወለዱ።

በ1988 ባልና ሚስቱ የውስጥ ሙቀት የሚያወርድ መራራ የዕፅዋት ሻይ መሸጫ ከፈቱ። የሰፈሩ ሰው ጉሮሮው ሲከረክረው፣ ብጉር ሲወጣበት፣ ተጣልቶ ደሙ ሲፈላ እንኳ ወደ ወይዘሮ ዩትመይ ይላክ ነበር። ፊቱን አኮሳትሮ ለጨረሰ ሁሉ በስኳር የደረቀች አንዲት ፕሪም ይሰጡታል። ግማሹን ትቶ ፕሪሟን የለመነ ግን አፍሮ ይመለሳል፤ በዚህ ነገር ዘመድ አያውቁም ነበር።

በ2017 የፊንጢጣ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪማቸው ዕጢው ከወጣ በኋላ፣ ሆዳቸው በስፌት ከመዘጋቱ በፊት፣ የሞቀ የካንሰር መድኃኒት ውስጡን እየዞረ እንዲያጥበው ሐሳብ አቀረቡ። ዐይን ያላየው ርዝራዥ ቀርቶ በሽታው እንዳያገረሽ ነው፤ ሕክምናው ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ግን ቃል መግባት እንደማይችሉ አልደበቁም። አቶ ዪንቺዩ አሻፈረኝ አሉ። ዕድሜ ልኳን ከሰው ሆድ ሙቀት ስታወጣ የኖረች ሴት እንዴት በራሷ ሆድ ሙቀት ታስገባለች ብለው አኮረፉ። ወይዘሮ ዩትመይ ግን፣ "ሰው ሁሉ 'ያድነኛል ወይ?' ሲለኝ 'ጠጣና እየው' ስል ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው፣ አንተ ሰውዬ" አሏቸው።

ከቀዶ ሕክምናው ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ፕሪማቸውን ነበር። ምግብ እስኪፈቀድላቸው ድረስ አቶ ዪንቺዩ ፕሪሟን በኪሳቸው ይዘው ሰነበቱ።

ስድስት ዓመት ሱቃቸውን በጤና ከፈቱ። ሆዳቸው ንጹሕ እንደሆነ ቆየ፤ በሽታው የተመለሰው በሳንባቸው በኩል ነው። ያን ቀን ቤተሰቡ ሁላችንም አለቀስን። ሆይቶንግ ያ ሁሉ ስቃይ ለዚህ ነው ወይ ብላ ስታማርር፣ እናቷ እኔ ግማሹን አልተውኩም ብለው አጽናኗት። ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አማቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተዋል። ለቀብር ለመጣ ሁሉ በሚታደለው፣ አሁን በእጃችሁ ባለው ነጭ ፖስታ ውስጥ የተለመደው ከረሜላ የለም፤ በኑዛዜያቸው መሠረት አቶ ዪንቺዩ አንድ በአንድ ያስገቧት የሱቃቸው ፕሪም ናት። እንደ ልማዳችን፣ የሐዘኑ ምሬት በጣፋጭ እንዲሽር፣ ቤታችሁ ሳትደርሱ ብሏት። መንገዳቸው የለሰለሰ፣ ነፍሳቸውም ያረፈች ትሁን፤ እሳቸው መራራውን ጨርሰዋል።