የአሥራ አንድ ቁጥር መልቀቂያ

ድረምካረን፣ ሊትሪም፣ አየርላንድ
ከቅዱስ ፓትሪክ በዓል በፊት ያለው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለፊያክራ፣

እንዴት ነህልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ደህና ናት፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው፣ ጉልበቴ እንደ አየሩ ነው፣ አየሩን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ ገና ሁለተኛውን ነገር ሳልጨርስ እናትህ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ዋናው ነገር ትዝ የሚለኝ ደግሞ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በተራ በተራ እጽፍልሃለሁ። የመልቀቂያህን ጉዳይ አልረሳሁም። ክለባችን ይለቅህና ለለንደን ትሰለፍ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። ቦታው ሲደርስ እመልስልሃለሁ። ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ፤ አውቅሃለሁ።

አንደኛ፣ የቤቱ ወሬ። ቀይዋ ላም ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው፣ ያው እንደ እናቱ ተራጋጭ ነው። የበረቱን ጣሪያ ንፋስ ገንጥሎት ነበር፣ መታሁት። እናትህ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ጀምራለች። በዚህ ብርድ። እኔ ፎጣ ይዤ ዳር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። «ቤትህ ግባ፣ እዚያ ስትቆም ሰው የሰጠመ ይመስላል» ትለኛለች። ብገባስ? ማን ያያታል?

ሁለተኛ፣ ባንዲራዋ። ልትሄድ ስትል የግቢው በር ምሰሶ ላይ ያሰርካት የአውራጃችን የሊትሪም ባንዲራ እስካሁን እዚያው ናት። ሌላው ሰው ቡድናችን የተሸነፈ ዕለት ያወርዳል። እኔ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ክረምት አለፈባት። አረንጓዴው ደህና ነው፣ ወርቃማው ግን ዝናቡ አጥቦ አጥቦ ጨርሶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ጨርቅ አውርዳት» ትላለች እናትህ። «ሰው ቤቱ ባዶ ነው ይላል።»

«ሻምፒዮናው ሲጀመር አዲስ እገዛለሁ።»

«አምናም ይህንኑ ነው ያልከኝ።»

ሦስተኛ፣ ዋናው፣ የዘንድሮው የኮናክት ሻምፒዮና። ዕጣው እንደወጣ ሰምተሃል። የመጀመሪያው ጨዋታ እኛ ከለንደን ጋር፣ በናንተው ሜዳ፣ ራይስሊፕ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ሺቡ፣ ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጡት አዲሱ ቄሳችን፣ ጋዜጣውን ይዘው ደጃፉ ላይ አገኙኝ።

«አቶ ማላኪ፣ ይሄ ጋዜጣ ለንደን እዚሁ ክፍለ ሀገራችን ኮናክት ውስጥ ናት ይላል። ካርታ ላይ አየሁ፤ ባሕር ማዶ ናት።»

«አዎ አባ፣ ባሕር ማዶ ናት።»

«ኒውዮርክም አለች።»

«እሷ ትንሽ ራቅ ትላለች።»

የክለባችን ሊቀመንበር ኢጊ ማክዊኒ ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። ኢጊን ታውቀዋለህ፣ ጆሮው ከአፉ ቢቀድም ጥሩ ነበር። «አባ፣» አለ፣ «በሰንበት ስንት ሰው ይመጣልዎታል?»

«ስልሳ፣ ሰባ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር የተሠራው ለአራት መቶ ነው። የቀሩት የት የሄዱ ይመስልዎታል? ሰዉ እዚያ ከሆነ ለንደን ኮናክት ናት። ምኑ ነው ያልገባዎት?»

አባ ሺቡ ሳቁ። ከዚያ የጌሊክ እግር ኳሳችንን አጨዋወት አስረዱኝ አሉ፣ አስረዳኋቸው። ኳሷ ከግቡ አግዳሚ በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት፣ በአዲሱ ሕግ ደግሞ ከግቡ ፊት ከተሠመረው ቅስት ውጭ ተመትታ በላይ ካለፈች ሁለት። በእጅም ነው በእግርም ነው፣ ዳኛው ዞር ሲል በክርንም ነው። «የኛ ክሪኬት አምስት ቀን ይፈጅና ሳንሸናነፍ እንለያያለን፤ እኔ በማንም አልፈርድም» አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው። ፊያክራ ቅዳሴ ይሄዳል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ሥራ ይበዛበታል አልኳቸው። እንግዲህ ለቄስ የዋሸሁት ባንተ ነው።

አሁን ቡድኖቹን ልንገርህ። ጎልዌዮች ዘንድሮም ትልልቅ ናቸው። መሀል ሜዳ የሚያሰልፏቸው ሁለቱ ልጆች ኩሽናችን በር ላይ ቢቆሙ ብርሃን አይገባም። ሜዮዎች «ዘንድሮ የኛ ነው» ይላሉ። ይሉ የለ፣ ዝም ካሉ ነው የሚያሳስበው። ሮስኮመኖች በመጋቢት «እኛ ምንም የለንም» ካሉህ ፍራቸው፤ በግንቦት ይዘውት ይመጣሉ። ስላይጎዎች ወጣቶች ናቸው፣ እንደ ጥጃ ይሮጣሉ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን እንደ ጥጃ ይተኛሉ። እኔን ብትጠይቀኝ ዋንጫው የጎልዌይ ነው። ይህን ለኢጊ እንዳትነግር፣ የሊትሪም ነው ብዬ ተወራርጃለሁ።

እኛስ? ያው እኛ ነን። በ1994 ዋንጫውን ያነሳን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ እናትህን ያገኘኋትም በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ወቅት አምናለሁ፣ በሰኔ እተወዋለሁ። ዘንድሮ ግን ተከላካዮቻችን ጥሩ ናቸው። የአክስትህ ልጅ ኡልታን ከእስካሁኑ ሁሉ በልጧል። ብትለቀቅ አንተን የሚይዝህ እሱ ነው። ሱቅ አግኝቶኝ፣

«አጎቴ፣ ለፊያክራ ንገርልኝ፤ በግራው ካልሆነ መምታት እንደማይችል ለቡድኑ በሙሉ ተናግሬያለሁ» አለኝ።

«እሱስ ስላንተ የሚያውቀው የለም?»

«ሁሉንም ያውቃል። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ኡልታን ከጨዋታው ግማሽ በኋላ ቀኝ ጭኑን ከጀርባ በኩል... ተወው። ይህን አልጻፍኩትም። እኔ ሊትሪም ነኝ።

አራተኛ። እዚህ ጋ ነው የሚከብደኝ፣ ግን በተራው ስለደረሰ ልጻፈው።

ያለፈው እሁድ ክለባችን የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ተጫወተ። እንደ ሁልጊዜው የተሰላፊዎቹን ስም በአይሪሽ ጽፌ ለዳኛው የሰጠሁት እኔ ጸሐፊው ነኝ። ዳኛው ልጆቹን ይቆጥራል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ እንደገና ይቆጥራል።

«አሥራ አንድ ቁጥር የታለ?» አለ።

አየሁት። ያንተን ስም ነው የጻፍኩት። በደንብ፣ ከሁሉም አሳምሬ። እጄ ለምዶት ነው። ከአሥር ቀጥሎ አንተ ነህ፣ በቃ።

«እየመጣ ነው፣» አለ ኢጊ፣ «ትንሽ ዘግይቶ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከለንደን።»

«መቼ ይደርሳል?»

«እሱን ማላኪን ጠይቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠበቀ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ፣ ዳኛውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስምህን ሰርዤ የትንሹን ኮንቦይ ስም አስገባሁ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ልጁ ምንም አላጠፋም።

መኪና ውስጥ እናትህ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ፣ «በየሳምንቱ ነው እንዴ የምታሰልፈው?» አለችኝ።

«ተሳስቼ ነው፣ አትራክታ።»

«አውቃለሁ። ስማኝ፣ ልጁ ፈቃድ የጠየቀህ ለመሄድ አይደለም። ሄዷል። የጠየቀህ ኳስ ለመጫወት ነው።»

ማሞቂያውን ከፈትኩ። ለነገሩ ከእናትህ ጋር ተከራክሬ ረትቼም አላውቅም።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አጀንዳዎቹ፦ የመልበሻ ክፍሉ ቦይለር፣ የልጆቹ አሠልጣኝ፣ ያንተ መልቀቂያ። ሦስተኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ቦይለሩ ብዙ ያከራክራል ብዬ ነበር፣ ቶሎ አለቀ።

ኢጊ ተነሳ። «ለክለቦች ሻምፒዮና ያለን አሥራ ስድስት ሰው ነው። አንዱ ጉልበቱ ወልቋል፣ አንዱ ፍቅር ይዞታል። አሥራ አንድ ቁጥሬን ለለንደን ሰጥቼ እኔ ልግባ? ደግሞስ ማላኪ፣ ልጁ በሰኔ ጠቅልሎ ይመጣል ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህም?»

ነግሬያቸው ነበር። አንተ ብለኸኝ አልነበረም። ሲጠይቁኝ የሆነ ወር መጥራት ስለነበረብኝ ነው።

«አይመጣም» አልኩ። እስከዚያ ድረስ ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም ነበር። እንደፈራሁት አልሆነም። ማንም ከወንበሩ አልወደቀም።

«እሺ፣ አሁን የምትናገረው እንደ ጸሐፊ ነው እንደ አባት?»

«እንደ ጸሐፊ ከሆነ ልጁ ያስፈልገናል፣ አይለቀቅ። እንደ አባት ከሆነ ይጫወት።»

«ድምፅህ አንድ ነው፣ ማላኪ።»

«እንግዲያው ይጫወት።»

ኢጊ ፊቱን አኮማተረ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከሁሉም በፊት እጁን ያወጣው እሱ ነው። «እኛን ካሸነፈን ግን እዚህ ደብር አይቀበርም» አለ፣ ከዚያ ሳንዱቹ የት እንዳለ ጠየቀ። ሌላውም እጁን አወጣ።

ትናንት ጠዋት ፈርሜ ላክሁት። ስለዚህ ተለቀሃል፣ ልጄ። ለንደኖች አረንጓዴና ነጫቸውን ያልብሱህ። የመመለሻው ቅጽም ያው ነው፣ አጭር ነው፣ ብዙ አያስቸግርም፣ አንድ ባዶውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እንዲያው እንድታውቀው ነው።

አምስተኛ፣ እኛም እንመጣለን። እናትህ ከኖክ የሚነሳውን አውሮፕላን ቲኬት ቆርጣለች፤ ሳታማክረኝ፣ ገና ኮሚቴው ሳይሰበሰብ። «ባይለቁትስ ኖሮ?» ብላት፣ «ኡልታንን እናይ ነበር» አለች። አሁን እነዚህን መልስልኝ። ከአየር ማረፊያው ባቡር መቀየር አለ? ጣሪያ ያለው መቀመጫ በጊዜ መያዝ ያስፈልጋል? ሻይ ይሸጣሉ ወይስ ይዘን እንምጣ? ሻይ ይዞ አውሮፕላን ላይ ያስወጣሉ? አንተ ደግሞ የጥርስ መከላከያህን አትርሳ፣ ዳኛ ያለሱ አያስገባህም። ፎቅ ላይ ስትሠራ ቀበቶውን እሰር፣ ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን ጭራሽ አትውጣ፣ አለቃህ እንቢ ካለ ስልኩን ላክልኝ። የጎረቤታችን የኪዌቪን ጉዳይም ነበር፣ እሱን ረስቼዋለሁ፣ ትዝ ሲለኝ እደውላለሁ።

ለማን እንደምጮህ ጠይቀኸኛል። ለሊትሪም ነው የምጮኸው፤ ሌላ አልችልበትም። ኳሷ አንተ እጅ ስትገባ ግን ዝም እላለሁ። እናትህ ዝም አትልም፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዛሬ ጠዋት ኢጊ ትራክተሩን በራችን ላይ አቁሞ ቁልቁል ያየኛል።

«ማላኪ፣ መልቀቂያው በተላከ በማግስቱ? ትንሽ እንኳ አታፍርም?»

«ምን አደረግኩ?»

በአገጩ ወደ ምሰሶው ጠቆመኝ። ቀና ብዬ አየሁ። በየቀኑ ከሥሯ አልፋለሁ፣ እንዲህ ሆና ግን አይቻት አላውቅም። አረንጓዴና ነጭ። ቁርጥ የለንደን ባንዲራ።

«አርጅታ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ሁላችንም አርጅተን ነው» ብሎ ትራክተሩን አንቀሳቀሰ።

ወዲያው አወረድኳት። እናትህ አጥባ አደረቀቻትና፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጨርቅ ልስፋባት ወይ አለችኝ። እንዳለች ትሁን አልኳት። አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከታች አስቀምጫታለሁ፤ ጉዞው ገና መሆኑን አውቃለሁ፣ እናትህም ነግራኛለች። ራይስሊፕ ሜዳ ስትገባ ወደኛ ተመልከት። ከሩቅ ያንተ ቡድን ናት። መጥተህ ከያዝካት፣ ዳርና ዳሯ ላይ ቋጠሮው አለ፣ ራስህ የቋጠርከው። አልፈታ ብሎኝ ከነገመዱ ነው የቆረጥኩት።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ይጠብቅልኝ። ከፎቁም ከኡልታን ትከሻም በደህና ያውርድህ። የምታድርበት ቤት ይሙቅልህ፣ አጠገብህ የሚሰለፉት ልጆች ኳስ የማይነፍጉ ይሁኑልህ።

አባትህ፣
ማላኪ ጊልሬን
የድረምካረን ክለብ ጸሐፊ