የቁም ሰው እድር

እሑድ

አቃጠሉኝ! ዛሬ የእድር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ተናገርኩ፤ እንደ እብድ አዩኝ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ የሱቅ ጎረቤቴን ሙሉን ስንቀብር እድሩ ምንም አላጎደለባትም። አውቶቡሱ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም ሞልቶ ነበር። በሕይወት ሳለች ግን ጡቷ ላይ ያበጠውን ነገር ይዛ አጠገቤ የከሰል ምድጃ ስትሸጥ ከረመች፤ "ለመታየት ብቻ ይሄን ሁሉ ገንዘብ?" እያለች። ሐኪም ቤት የሄደችው ካመረቀዘ በኋላ ነው። ታዲያ ለቀብር ከምናጠራቅመው ትንሽ ቀንሰን፣ ሴቶቻችንን በቁማቸው ብናስመረምርስ?

ሊቀመንበራችን ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። "ብርቄ፣ እድር የቆመው ለሞተ ሰው ነው" አሉኝ።

የሞተ ሰው መዋጮ አይከፍልም! ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሴቶቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ለአንድ ቀን ተፈቀደልኝ። ሰው ካልመጣ ግን ሁለተኛ ላላነሳው።

ማክሰኞ

ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ራሔል የምትባል ነርስ አነጋገረችኝ። እኔ ሁላችንም ማሽን ውስጥ የምንገባ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀችብኝ።

"ለሁላችሁም ማሽን ከከፈላችሁማ ገንዘባችሁ ወዲያው ያልቃል። መጀመሪያ እሑድ እድራችሁ ቤት መጥቼ በእጄ ልያችሁ፤ የጠረጠርኳትን ብቻ ለአልትራሳውንድ እልካለሁ።"

ወደድኳት፤ እንደ ነጋዴ ታስባለች። አስልቼ ሳየው ለአንድ ቀብር የምናወጣው ሴቶቹን ሁሉ አስመርምሮ ይተርፋል። ይህን ለጋሼ ታደሰ በስልክ ብነግራቸው "እስቲ ሰው ይምጣ" ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ

ጭንቀት። በየሱቁ ዞሬ ለመንኩ። አንዷ "ካላመመኝ ምን አስነካካኝ" አለች። አንዷ "ብታገኝብኝስ?" ብላ ዓይኗን አሸሸችብኝ። የጎጃም በረንዳዋ ቅቤ ነጋዴ ጭራሽ "ሟርተኛ" አለችኝ። እኔ ሟርተኛ!

የቀረኝ ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ሞላ ናቸው። "የጡት ምርመራ ስላለ ነገ ጠዋት ሴቶቹን ይጥሩልኝ" አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ፊታቸው ግን ልክ አልነበረም።

እሑድ

ዛሬ የፈላው ጉድ! ጋሽ ሞላ "ጡት" የሚለውን ቃል መንገድ ላይ መጥራት አሳፈራቸው። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፉና "የእድራችን ሴቶች፣ ቶሎ ወደ እድሩ ቤት!" ብቻ ብለው አለፉ። ጥሩምባ ለሞት እንጂ ለምን ተነፍቶ ያውቃል? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከወዲሁ እያለቀሱ ጎረፉ። ቅቤ ነጋዴዋ ደረቷን እየደቃች ገባች።

"ማነው የሞተው?"

"ማንም!" ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። "እንዳንሞት ነው የተጠራነው። ለሰው ለቅሶ ስትደርሱ ኖራችኋል፤ ዛሬ ለራሳችሁ ድረሱ!"

ተሰደብኩ። አንዳንዶቹ እየተራገሙ ተመለሱ። የጋሼ ታደሰ ባለቤት እትዬ አልማዝ ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና "እኔ አንዴ ከቤቴ ወጥቻለሁ" ብለው ሲስተር ራሔል ወደምትጠብቅበት መጋረጃ ጀርባ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቅቤ ነጋዴዋ ሳትቀር። እኔም ታየሁ፤ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ሲስተር ሦስት ሴቶችን ለአልትራሳውንድ ጻፈችላቸው። እነማን እንደሆኑ ለእኔም አልነገረችኝ።

ዓርብ

ሲስተር ደወለች። ሦስቱም ደህና ናቸው! ሱቅ ውስጥ እልል አልኩ፤ ምድጃ ሊገዛ ዋጋ የሚከራከረኝ ሰውዬ ደነገጠ። ባለው ዋጋ ሰጠሁት። ከዚያ ሙሉ ትዝ አለችኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር እንዴ?

እሑድ

ጋሼ ታደሰ ስብሰባ ጠሩ። "ምንም አልተገኘም። ገንዘባችን በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው" አሉ።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ የእድሩ ድንኳን ወር ሙሉ ሳይተከል ቢቀመጥ ከሰርን ይላሉ? ተመስገን አይደል እንዴ የሚሉት?"

"እሱ ሌላ ነው" አሉ። እንዴት ሌላ እንደሆነ አላስረዱኝም። ምርመራው ይቀጥል አይቀጥል ብለው ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ እትዬ አልማዝ ብድግ አሉ።

"ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።"

ጋሼ ታደሰ ወደ ባለቤታቸው ዞረው "አልነገርሽኝም እኮ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"ምን ብዬ ልንገርህ? አጠገብህ ተኝቼ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሰነበትኩ። የተኛሁት ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ነው። በከንቱ ፈሰሰ የምትለው ይሄ ነው?"

ሊቀመንበራችን ድምፅ መቁጠር አቃታቸው፤ ጸሐፊው ቆጠረ። አለፈ! በየዓመቱ ይሁን ብዬ ነበር የጠየቅኩት፤ የፈቀዱት ለከርሞ ብቻ ነው። ይሁን፣ ከርሞም አፍ አለኝ።

ስንወጣ እትዬ አልማዝ ቀድመው ሄዱ። ጋሼ ታደሰ ከኋላቸው እየተጣደፉ "አልሜ፣ አልሜ" ሲሉ ሰማሁ። አልቆሙላቸውም። እኔም ብሆን አልቆምም።