ጸሐፊው ያልታወቀ ዳዊት

አባየ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነን። ቤቱ ደህና ነው። ብራና የምትወጥርበትን እንጨት እማየ ግድግዳ አስደግፋ አቁማዋለች፣ ማንንም አታስነካም። ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ነው።

የሞጣው ሙዚየም ሲከፈት አንድ ክፍል ብቻ እንደነበር ታስታውሳለህ። ካህኑም ተማሪውም እየገባ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ይገልጥ ነበር። በእጅህ የጻፍከውን ዳዊት የሰጠሃቸው ለዚሁ ነው። ቤት ከሚቀመጥ ሰው ያንብበው ብለህ፣ በነጠላ ጠቅልለህ፣ እኔን አስከትለህ ከቢቸና በአውቶቡስ ወሰድከው። አቤት የዋህነትህ!

ዛሬ አግዳሚው የለም። ትልቅ አዳራሽ ሠርተዋል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፣ ሹማምንት ወርክሾፕ ይቀመጡበታል። ዳዊትህ መስታወት ውስጥ ነው፣ ከገባ ጀምሮ ያው አንድ ገጹ ተከፍቶ። ከሥሩ ምን ብለው ለጥፈዋል መሰለህ? ጸሐፊው ያልታወቀ።

ከረባቱን ሲያስተካክል ለሚውለው ኃላፊ፣ የጻፈው አባቴ ነው፣ መጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን አኑሯል፣ ገልጣችሁ እዩት አልኩት። ለካ እስከ መጨረሻው አንድ ቀን እንኳ ገልጠውት አያውቁም። ከስንት ልመና በኋላ ነጭ ጓንት አጥልቀው ገለጡት። ከግእዙ መሃል ገብረ ኪዳን የሚለውን ለይቼ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ፣ ግእዝ የሚያውቅ አንድ ሰው የላቸውም። ከዚያ የአባትሽን መታወቂያ አምጪ አሉኝ። መታወቂያህ የሚለው ጥሩነህ ነው። ገብረ ኪዳን የክርስትና ስሙ ነው፣ ጸሐፊ መጽሐፉ ላይ የሚያኖረው እሱን ነው ብል ኃላፊው ሳቀብኝ። በእኛ አሠራር ሁለት ስም ማለት ሁለት ሰው ነው አለኝ። ጎጃም ተወልዶ፣ እሱም በክርስትና ስሙ እየቆረበ፣ የቅርስ ባለሙያ ተብሎ ደመወዝ እየበላ! ሰው አትናቂ ትለኝ ነበር አባየ። ይቅር በለኝ፣ ይሄንን ግን ናቅኩት።

ተመልሼ አልሄድኩም፣ አልሄድምም። አንተ ያን ስም የጻፍከው ለእነሱ አልነበረም፤ አንብቦ ለሚጸልይልህ ሰው ነበር። እኔ አለሁልህ። በቅዳሴ ካህኑ የሙታንን ስም ሲያነሡ ገብረ ኪዳን ብዬ አስጠራሃለሁ፣ ልጆቼም እንዲያስጠሩህ አስተምራቸዋለሁ። እዚያ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

ልጅህ