ሽንብራ የምታህል አረፋ

ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪው፣

በስልክ ስነግርህ ስለሳቅህ በጽሑፍ ደገምኩልህ። ለሥራ በመጣሁበት ከተማ ዛሬ አብሬያት የዋልኩት፣ እንደኔው የጋዝ መስመር ተቆጣጣሪ የሆነች ሴት አንድ ላውንደሪ ገብታ፣ የቧንቧው መጋጠሚያ ላይ በብሩሽ የሳሙና ውሃ ቀባች። ጋዝ ያፈስ ኖሮ፣ ሽንብራ የምታህል አረፋ ተነፋች። ባለላውንደሪው፣ «እህቴ፣ ለዚቺ አረፋ ብለሽ ልትዘጊኝ ነው?» ቢላት፣ «ለእሷ ብዬ ነው» ብላ መስመሩን አሸገችው።

እኔ ያንተን ዳቦ ቤት የመረመርኩት በር ላይ ቆሜ፣ ትኩስ ዳቦህን እየገመጥኩ ነው። የፈረምኩልህ የደህንነት ሰርተፍኬትም በፍሬም ተሰቅሏል። አውርደው። እስክመለስ ምድጃው አይነድም፤ ሳሙናውን እኔ አመጣለሁ።

ለባለቤትህ፣ ለልጆቹ፣ እኔን ለማትወደው አማትህም ሰላምታዬ ይድረስ። የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። መቆጣት ትችላለህ፤ ብቻ መጀመሪያ ጋዙን ዝጋ።